ልጄን ከባሕር ልመልስ እስክንድርያ ደርሼ መጣሁ

አሜሪካ ደርሳ የመጣች ሴት ሁሉ ስለ ፎቁ ታወራለች። እኔ ፎቁን በደንብ አላየሁትም፤ አንገቴን ቀና የማደርግበት ልብ አልነበረኝም። የሄድኩት ልጄን ከባሕር ልመልስ ነው። የማህበራችን ሴቶች "አንዱን ቀን ሳታስቀሪ ጻፊው፤ እኛ እንደሆን አንሄድበት" ቢሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ ቢጣመም አንባቢ ያቅናልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ምንትዋብ አባቷ ከሞተ በኋላ በልጅነቷ ከአክስቷ ጋር አሜሪካ ገባች። አክስቷ እትዬ ጥሩነሽ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ትኖራለች፤ የምትሠራው ሆቴል ነው። ምንትዋብ እዚያው አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ የጥንት ታሪክ ተማረች። እስከዚህ ድረስ እልል ነው። በኋላ ግን አንድ ቀን ደውላ፣ "እማ፣ ባሕር ውስጥ የሰጠመ ከተማ አለ፤ ወርጄ ላጠና ነው" አለችኝ።

"የት?" ብላት፣ "አሌክሳንድሪያ። የጥንት ወደብ ናት። የቅዱስ ማርቆስ አገር እኮ ናት፣ እማ" አለች። ቀጥላም፣ "አንቺ ካልመረቅሽኝ ግን አልወርድም።"

እኔ የጨሞጋን ወንዝ ውሃ የማውቅ ሰው ነኝ። ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ክረምት ላይ ሞልቶ ወስዶብኛል። ገበያ ልኬው የሽንኩርቱን ከረጢት ብቻ አገኘን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለተረት አይደለም። ስለዚህ ልጄን "በስልክ አይመረቅም፤ መጥቼ ነው" አልኳት። ሆዴ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነበር፤ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ላስቀራት ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ ሌላ ነገርም ነበር። እኛ በማርቆስ ስም በተጠራ ከተማ እየኖርን፣ ስንክሳሩ በተነበበ ቁጥር "እስክንድርያ" ሲባል እየሰማን፣ ማን አይቷት ያውቃል? እትዬ ጥሩነሽን በስልክ "እንዲያው ሩቅ ናት?" ብላት፣ "አሌክሳንድሪያ? ኧረ ቅርብ ናት! በባቡር ደርሰሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ። ለማህበሩ ሴቶች ነገርኳቸው። እልል አሉልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ተነሳሁ። ደጀን ደርሰን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ፣ "እትዬ፣ ፀሐዩን ነው ወይስ የእኔን አነዳድ ነው የፈሩት?" አለ።

"ውሃውን ነው።"

"ውሃው እኮ ከታች ነው፤ እኛ ከላይ ድልድዩ ላይ ነን!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ውሃ ከታች ሆኖ አይደለም እንዴ ሰው የሚወስደው?

ረቡዕ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ጾም ነው ስላት አስተናጋጇ ሩዝ ሰጠችኝ፤ ሩዙ ጨው የማያውቅ ነው። ቀበቶውን አንዴ ካሰርኩት በኋላ መፍታቱ ስለጠፋኝ ሽንት ቤት ሳልሄድ ብዙ ቆየሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነገሩ ገብቶት ሳይስቅ ፈታልኝ። እግዜር ይስጠው። ሲነጋ በመስኮት ዝቅ ብዬ ባይ ከታችም ሰማይ አለ። "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት ያንኑ ሰውዬ። "ባሕር ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ እስክናርፍ ድረስ ዳዊቴን ደረቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን አልገለጥኩም።

ሐሙስ ደለስ በሚባለው አየር ማረፊያ አረፍን። ሻንጣዬን የፈተሸው መኮንን ጥቁር ነው፤ የእኛ ሰው መስሎኝ "እንደምን ዋልክ፣ ወንድሜ" አልኩት። ለምንትዋብ የያዝኩትን በሶ አወጣና በላስቲኩ ላይ ደባበሰው፣ አሸተተው። ጋሪ የምትገፋ አንዲት ያገሬን ልጅ ጠሩልኝ።

"እናቴ፣ ዱቄቱ ምንድን ነው ይላል።"

"በሶ ነዋ።"

"በሶን ምን ብዬ ልንገረው?"

"ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በይው።"

"ለምን ይሆናል ይላል።"

"ለመንገደኛ። ውሃ ካለው ለእሱም እበጠብጥለታለሁ በይው።"

ነገረችው። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን ያሳየኝ ያን ጊዜ ነው። በሶዬን መለሰልኝ።

በሩ ላይ ምንትዋብን አየኋት። በስልክ መስታወት የማያት ልጅ ናት፤ ግን ቁመቷ ስልክ ውስጥ አይታይም ነበር። አባቷን አክላለች። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እትዬ ጥሩነሽ ናት ያላቀቀችን። "ውይ የውብዳርዬ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ስትረስ አድርገሽ ነው አይደል? በይ ነይ፣ የፓርኪንጉ ሰዓት እየሄደብኝ ነው" ብላ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ።

መንገዳቸው ላይ ሰው አይሄድም። መኪና ብቻ ነው። እኛ ጋ የገበያ ቀን መንገዱን የሚሞላው እግር የት እንደገባ እንጃ። ዛፉ ግን እንዴት ያለ ነው! ከተማቸውን ጫካ ውስጥ ነው የሠሩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ "ባልትና"፣ "ሥጋ ቤት"፣ "የውበት ሳሎን" የሚል በእኛ ፊደል ተጽፎ አነበብኩ። ባሕር ተሻግሬ መጥቼ የሚነበብ ነገር አገኘሁ፤ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሄድኩ፤ እትዬ ጥሩነሽም "በርቺ፣ እሱም እኮ እኔ የምገዛበት ነው" ትለኛለች።

ቤቷ ፎቅ ላይ ነው፤ ጎረቤት በግድግዳ ይሰማል እንጂ አይታይም። የወጥ ቤቷን ጠባብነት አይቼ ሳዝንላት፣ በዚያች ጠባብ ቤት አልጋዋን ለቅቃልኝ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። "እትዬ፣ ይህማ ነውር ነው" ብላት፣ "ዝም በይ፣ እኔ ለሺፍት በጠዋት ነው የምወጣው፣ አልጋው ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው" አለችኝ። ምንትዋብን እዚያ "ሚንት" ነው የሚሏት። ሚንት ምን ማለት ነው ብላት፣ "ናና" አለችኝ። የእቴጌን ስም ሰጥቼ ብልካት ናና አድርገው ጠበቁኝ!

ዓርብ ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ ሥራ ሄደች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ እንዴት እንደምጀምር ሌሊቱን ሳስብ ነበር ያደርኩት፤ እሷ ግን ቀደመችኝ። በሶውን ከላስቲኩ ዘግና ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው።

"ምነው? እህል ይደፋል?"

"ቆይ እማ። አሌክሳንድሪያን በምን እንደቀየሷት ታውቂያለሽ?"

"በገመድ ነው እንጂ በምን ይቀየሳል?"

"ታላቁ እስክንድር መጥቶ፣ ከተማ እዚህ ትሁን አለ። መሬቱ ላይ የሚያሰምሩበት ነጭ ነገር አለቀባቸው። ከዚያ የወታደሮቹን ስንቅ አምጥተው በገብስ ዱቄት አሰመሩ ይባላል።"

"በበሶ!"

"በበሶ በይው። ሲያሰምሩ ወፍ ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ ለቅሞ ጨረሰው። ንጉሡ ደነገጠ።"

"መደንገጥማ አለበት፤ መጥፎ ምልክት ነው።"

"ጠንቋዮቹ ግን፣ አይ፣ ይህች ከተማ ከየአገሩ የሚመጣውን ሁሉ ትመግባለች ማለት ነው አሉት።" እየተናገረች በጣቷ ዱቄቱ ውስጥ ከተማዋን ሣለችልኝ። ይኸ ባሕሩ ነው፣ ይቺ ደሴት ናት፣ ከየብሱ እስከ ደሴቱ በድንጋይ መንገድ አገናኙ፣ ወደቡ ግራና ቀኝ ሁለት ሆነ። በደሴቲቱ ጫፍ ላይ የሽሮ ማንኪያ አቆመችና፣ "ይኸ የመብራቱ ማማ ነው። በዓለም እንደሱ ረጅም የሆነ ጥቂት ነበር። ጫፉ ላይ እሳት ይነዳል፤ መርከበኛው ከሩቅ አይቶ አገር እንደደረሰ ያውቃል" አለችኝ።

ደግሞ የመጽሐፍ ቤት ነበራቸው። መርከብ ወደቡ በገባ ቁጥር "መጽሐፍ ይዛችኋል?" ብለው ይፈትሻሉ አሉ፤ ያገኙትን ወስደው ይገለብጡና ዋናውን ያስቀራሉ፣ ግልባጩን ለባለቤቱ ይመልሳሉ።

"ሌቦች ናቸዋ!" አልኩ።

"የተማሩ ሌቦች" አለች። ሳቅን።

እኔም ከማውቀው ጨመርኩ። ማርቆስ ከተማዋ ሲገባ የጫማው ማሰሪያ ተበጠሰ፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደ፤ ሰፊው ሲጠግን ወስፌው እጁን ወጋው፤ "አንድ አምላክ!" ብሎ ጮኸ፤ ማርቆስም እጁን ፈወሰለት፤ በዚያች ከተማ መጀመሪያ ያመነው እሱ ሆነ። የመጨረሻውን ቃል ምንትዋብ አብራኝ አለችው።

"ታውቂዋለሽ እንዴ?" አልኳት።

"አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ? ጫማዬን ስታስሪልኝ ሁልጊዜ ይህንን ነበር የምትነግሪኝ። ታዲያ እዚህ ነገር ውስጥ ማን ያስገባኝ መሰለሽ፣ እማ?"

ይህን ስትለኝ ሆዴ ሁለት ሆነ። ግማሹ ኮራ፤ ግማሹ "ራስሽ ነሽ የሰደድሻት" አለኝ።

ማንኪያዋን በጣቷ ነካ ስታደርጋት ዱቄቱ ላይ ወደቀች። "የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ማማው ወደቀ፣ የወደቡም ዳር ሰመጠ። አሁን ድንጋዩ፣ ሐውልቱ፣ ዓምዱ ሁሉ ውሃ ስር ነው። እዚያ ነው የምወርደው። መርቂኝ።"

"አልመርቅም።"

"እማ፣ ሴፍ ነው፣ ፕሮሚስ።"

"ወንድሜም ሁልጊዜ የማውቀው ወንዝ ነው ይል ነበር። አልመርቅም አልኩ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዱቄቱን በመዳፏ ሰበሰበችና፣ "እሺ። እንግዲያው ነገ የምለማመድበትን እይልኝ፤ ከዚያ በኋላም እምቢ ካልሽ እቀራለሁ" አለች። ቃል ነው። ልጄ ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። ከምትወደው ነገር ላስቀራት የቀረኝ አንድ "እምቢ" ብቻ ነበር፤ እሱም አስፈራኝ።

ቅዳሜ ሮክቪል አጠገብ ወደ አንድ ትልቅ የመዋኛ ቤት ወሰደችኝ። ውሃውን ጣሪያ ስር አስገብተውታል፤ ሰማያዊ ነው፣ ሽታው እንደ በረኪና ነው። የምታሠለጥናት ዳና የምትባል ፀጉሯን የተላጨች ፈርጣማ ሴትዮ ናት። ልጄ አየር የተሞላ ብረት ጠርሙስ ጀርባዋ ላይ አዘለች፤ እኔ እሷን ያዘልኩበት ጀርባዬ ታወሰኝ። ወገቧ ላይ ገመድ አሰሩላት። ዳና የገመዱን ጫፍ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

"ለምን ለእኔ?" አልኩ።

ምንትዋብ ተረጎመችልኝ። ከላይ ሁልጊዜ ገመድ የሚይዝ ሰው አለ። አንዴ ጎተት ካደረገ "ደህና ነሽ?" ማለት ነው፤ የታችኛዋ አንዴ ጎተት ካደረገች "ደህና ነኝ"። ደጋግማ ከጎተተች "አውጡኝ"። ሌላ ቋንቋ የለም።

ወረደች። ውሃው ገጠመባት። አረፋ ብቻ ቀረ። እኔ አንዴ ጎተትኩ። ምንም። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ እንደ ጉድጓድ ባልዲ መዘዝኳት! ልጄ እየተንፈራገጠች ብቅ አለች፣ መነጽሯ ተጣሞ፣ "እማ! እየመለስኩልሽ እኮ ነበር!" ብላ ጮኸች። የሚዋኙት ሁሉ ዞሩ።

ዳና ግን አልሳቀችብኝም። አጠገቤ ተንበረከከች፣ እጇን እጄ ላይ ደረበች፣ ገመዱን አሳየችኝ። ላላ ስታደርገው ራሷን ነቀነቀች፣ እንዲህ አይሆንም። ወጠር ስታደርገው ራሷን ነቀነቀች፣ እንዲህም አይሆንም። ከዚያ በመሃል፣ ገመዱ እንደ ሕይወት ያለው ነገር ጣት ላይ የሚሰማበት ቦታ ላይ አቆመችው። ምንትዋብ ከውሃው ዳር፣ "ያዥ ግን አትሳቢ፣ እማ፤ ከሳብሽኝ አልሠራም፣ ከለቀቅሽኝ እጠፋለሁ" አለችኝ።

ሁለተኛ ወረደች። ጎተት አደረግሁ። ትንሽ ቆይቶ ከታች ጎተት አለ። እንዴት ብዬ ልጻፈው? ከመወለዷ በፊት ሆዴ ውስጥ ስትራገጥ የነበረው ዓይነት ነው። ጠየቅኋት፣ መለሰች። ጠየቅኋት፣ መለሰች። ከውሃው ስትወጣ እያነባሁ ነበር፤ "እሺ፣ ገመዱን የምይዘው እኔ ከሆንኩ ውረጂ" አልኳት።

"አንቺ አይደለሽ የምትይዥው? ሌላ ማን አለኝ?" ብላ ከነውሃዋ አቀፈችኝ። ነጠላዬ ራሰ። "ምርቃቱ ግን ቦታውን ካየሁ በኋላ ነው፤ እዚያው እስክንድርያ" አልኳት። "ነገ አሌክሳንድሪያ ንግግር አለኝ፤ ከእትዬ ጋር ነይ" አለች። ተስማማን። የተግባባን መስሎን ነበር።

እሑድ ቅዳሴ አስቀደስን። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጡ ሞቃት ነው፤ ጫማ ማውለቂያው መደርደሪያ ግን ጠባብ ስለሆነ የእኔን ጫማ ሌላ ሴት አድርጋው ሄዳ ኖሮ የእሷን አድርጌ ወጣሁ። ሰፋ ይለኛል። እሱን እየጎተትኩ ነው የማርቆስ አገር ላይ የሄድኩት።

ምንትዋብ ቀድማ ሄዳለች። እኔና እትዬ ጥሩነሽ በባቡር ሄድን። ባቡሩ የሚሄደው ምድር ውስጥ ነው፤ ጨለማ ለጨለማ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ብርሃን ላይ ወጣና ትልቅ ወንዝ ላይ፣ ድልድይ ላይ ሆንን። እትዬ ጥሩነሽን ጨመደድኳት። "ፖቶማክ ነው፣ የውብዳርዬ፣ ፖቶማክ፤ አይነካሽም!" ትለኛለች። እኔ ግን ሌላም ነገር እያሰብኩ ነበር። በዚህ ባቡር ልጄ በወረደች ቁጥር እየመጣሁ ገመዱን ልይዝ እችላለሁ። የቪዛዬን ቀን ማራዘም ብቻ ነው።

ጣቢያው ወርደን ስንወጣ ቀና ብዬ አየሁ። ኮረብታው ላይ ማማ ቆሟል። ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ነጭ፣ ጫፉ ሰማይ የነካ። ማንኪያዋ! በዱቄቱ ላይ የቆመችው! ወደቀ ብላኝ አልነበር? ማርቆስ መልሶ አቁሞታል ማለት ነው። ሰፊውን ጫማ አወለቅሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ግንባሬን አስፋልቱ ላይ አድርጌ ተሳለምኩ።

ኪሱ ላይ ወረቀት የለጠፈ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው እየሮጠ መጣ። መልኩ የእኛ ነው። "እናቴ! እናቴ! አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም። የማርቆስን አገር እየተሳለምኩ ነው።"

"የማን?"

"የቅዱስ ማርቆስን። እስክንድርያ አይደለችም?"

ሰውዬው እትዬ ጥሩነሽን አየ፤ እትዬ ጥሩነሽ አፏን በእጇ ያዘች። "ከየት ነው የመጡት፣ እናቴ?" አለኝ።

"ከደብረ ማርቆስ።"

"እኔም ከቢቸና ነኝ፣ ልመንህ እባላለሁ። ታዲያ ማርቆስን ማርቆስ ላይ ትተውት መጥተው ፓርኪንግ ይሳለማሉ?"

እትዬ ጥሩነሽ ሳቋ አመለጣት። እሷ ስትስቅ ነው የገባኝ። ይቺ አሌክሳንድሪያ ስሟ ብቻ ነው። ማማውም የአንድ ማህበር ሕንፃ ነው፤ የጥንቱን አስመስለው የሠሩት። የማርቆሷ፣ የዱቄቷ፣ ባሕር ውስጥ ያለችው እስክንድርያ ግብፅ ናት። ምንትዋብ እዚህ አድጋ ሁለቱንም "አሌክሳንድሪያ" ነው የምትላቸው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም "እስክንድርያ" ብዬ ሰማኋቸው። ገመዱ ግብፅ ነው። ከእጄ ባሕር ማዶ።

ሳቅ የሚባል አልመጣልኝም። ልመንህ አይቶ ሳቁን ዋጠው። ከጥበቃ ክፍሉ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አመጣልኝ፣ ጫማዬ እንደሚሰፋኝ ሲያይ ወረቀት አጣጥፎ ከውስጡ ጎዘጎዘልኝ። "አይዞዎት፤ እኔም መጀመሪያ ስመጣ ጳጳሱ የሚመጡት ከዚህ ነበር እንዴ ብዬ ነበር" አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላወቅሁም። ልጄ ንግግር እንዳላት ስነግረው "የማርቆስ ልጅ ናትና ልስማት" ብሎ ጓደኛውን ተክቶ ተከተለን።

አዳራሹ ወንዙ አጠገብ ነው። ምንትዋብ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ነገረቻት። ልጄ ፊቷ ተለወጠ።

"እማ፣ ለዚህ ነው ትናንት እሺ ያልሽኝ? ራስሽ የምትይዥው መስሎሽ?"

"አዎ።"

"እኔ በጸሎት ማለትሽ መስሎኝ ነበር።" አንገቷን ደፋች። "እንግዲያው እሺ አላልሽም። ቃልሽን መልሼልሻለሁ።" ከዚያ ጠሯትና ገባች።

ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። ሽማግሌ ነጮች፣ ወጣቶች፣ መነጽር ያደረጉ ሴቶች፣ ከእኛም አንዳንድ ሰው አለ። መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ ባሕር መጣ፤ ከባሕሩ ስር ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ የሰው ፊት፣ ዓሣ በዓይኑ አጠገብ ያልፋል። ልጄ ቆማ ትናገራለች። እንግሊዝኛውን አላውቅም፤ ግን መናገር የምትችልን ሰው አውቃለሁ። የሚያስለው ሁሉ ሳሉን ያዘ። እትዬ ጥሩነሽ በጆሮዬ፣ "አሁን ስለ በሶው ነው… አሁን ስለ መርከቡ መጽሐፍ… አሁን ደግሞ አባ ሰላማ ከአክሱም ተነስተው ጵጵስና ሊቀበሉ እዚያ መሄዳቸውን፣ ከዚያ ወዲህ አቡን ከዚያ ይመጣልን እንደነበር" ትለኛለች። በመሃል በገዛ ጆሮዬ "እስክንድርያ" ስትል ሰማኋት። እንደ እኔ አድርጋ ነው ያለችው። እትዬ ጥሩነሽ፣ "እናቴ በዚህ ስም ነው የምትጠራት፣ እኔም መጀመሪያ የሰማኋት በዚህ ስም ነው አለች" አለችኝ።

ሲያልቅ አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ እጁን አውጥቶ ጠየቃት። ልጄ አንዴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረች፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

"ምን አለ? ምን አለች?" አልኩ።

"መቼ ነው የምትወርጂው አላት። እሷም፣ በእኛ ዘንድ ያለ እናት ምርቃት መንገድ አይጀመርም፤ እናቴ ገና አልመረቀችኝም፤ ልትከለክለኝም መብቷ ነው አለች።"

"እምቢ" ለማለት ባሕር ተሻግሬ መጥቻለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚቀረኝ። ልጄ መድረኩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አትለምነኝም፣ አታኮርፈኝም። ያን ጊዜ ገባኝ። ብስባት ትወጣለች። ከእጄም ጨርሳ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ግን በጎተትኩ ቁጥር "ደህና ነኝ" ብሎ የሚመልስልኝ ሰው አይኖርም።

ተነሳሁ። ሰፊ ጫማዬን እየጎተትኩ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። እሷም ጎንበስ አለችልኝ። ያን ሁሉ ሰው ረሳሁት።

"ሙሴን ያሻገረ ያሻግርሽ" አልኩ።

አሜን የሚል ጠፋ! ምርቃት ያለ አሜን ምን ይሆናል? ኋላ ከበሩ አጠገብ ግን ልመንህ በቢቸና ጉሮሮው "አሜን!" ብሎ አዳራሹን አናጋው።

"ዮናስን ከዓሣ ሆድ ያወጣ ያውጣሽ።"

"አሜን!" አሁን የእኛ ሰዎች ሁሉ ተቀበሉ።

"ጴጥሮስን ከማዕበል እጁን ይዞ ያወጣ፣ እጅሽን ይያዝ።"

"ኤሜን!" ነጮቹም ገባቸው።

"የወረድሽበት ውሃ የሚያወጣሽ ይሁን። ገመድሽን የሚይዝልሽን ሰው እንቅልፍ አይውሰደው። የምታይበት ዓይን፣ ያየሽውን የምትናገሪበት አንደበት ይስጥሽ። የሚቀናብሽ አይጥፋ፣ የሚጎዳሽ ግን አይገኝ። ሂጂ፣ ልጄ።" እንትፍ እንትፍ አልኩባት። "ኤሜን! ኤሜን!" አሉ፤ ያ ሽማግሌ ቆሞ ነበር፣ ምን እንዳልኩ ሳያውቅ።

ወደ አገሬ ስመለስ ምን እንዳየሁ አልጽፍም፤ ያው መንገድ ነው። ዓባይ ላይ ስንደርስ ነጠላዬን መልሼ ፊቴ ላይ ጣልኩ፤ ድፍረት ተማርኩ ብዬ አልዋሽም።

ባለፈው ወር ከግብፅ ደወለች። "ወረድኩ፣ እማ" አለችኝ።

"ወጣሽ ወይ?"

"እየደወልኩልሽ እኮ ነው!"

"እንደሱ አይደለም። በአፍሽ በይው።"

"ወጣሁ።"

"ተመስገን። በይ አሁን ያየሽውን ንገሪኝ።"

ደረጃ አየሁ አለችኝ። ሐውልት አይደለም፣ ወርቅ አይደለም፤ ከመርከብ የሚወርድ ሰው የሚወጣበት የድንጋይ ደረጃ ነው። መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጎድ ብሏል፤ እጇን አስገብታ ዳሰሰችው። "ስንት ሰው ቢረግጠው ነው እንዲህ የሆነው?" ብላት፣ "ዓለም ሁሉ፣ እማ" አለችኝ።

ይህን በማህበር ቀን ተናገርኩ። ሴቶቹ ጉድ አሉ። አንዷ ግን፣ "አሁንስ መፍራቱን ተውሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ አልተውኩትም! በየሳምንቱ ትወርዳለች፤ በየሳምንቱ እፈራለሁ። ግን እንደ ድሮው ጥግ ይዤ፣ ነጠላ ተከናንቤ አይደለም። እስክንድርያን በእጇ የዳሰሰች ልጅ እናት ነኝ፤ የእኔ ፍርሃት ከዚህ ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚፈራው።